ፑራ ሴቶላ

መብራት የጠፋው ግራ ጉንጬ ተስተካክሎ ቀኙ ገና ሳይነካ ነው። ማሽኑ ሲንጫረር ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ልጅ መጀመሪያ አምፖሉን አየ፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ በመጨረሻ እኔን። «ይመጣል ጋሼ፣ ትንሽ እንጠብቅ።» ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የከረመ ሰው «ይመጣል» ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አይጠይቅም። ግን ከሰዓት ሰርግ ነበረብን። በምላጭ ጨርስልኝ አልኩት። እጁን አወናጨፈ። «ምላጭ የምነካው ለአንገት ዳር ብቻ ነው። ሙሉ ፊት ሞክሬ አላውቅም። ደሞ አረፋም የለኝ።»

የጃኬቴን ኮሌታ አቁሜ፣ ቀኝ ጉንጬን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ብሎኮቹን አቋርጬ ቤት ገባሁ። አባዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። ቀና ብለው አዩኝና «ምነው፣ ግማሹ በዱቤ ነው?» አሉ።

ያን ቀን ነው የአባዬ የፂም ብሩሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን የነካው። ልጅ ሆኜ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መንካት ግን ክልክል ነበር። የሚኖረው በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው፣ ከምላጭ መያዣቸውና ከሸባቸው ጋር። ከፔርሙሱ ለብ ያለ ውሃ ኩባያ ላይ ቀዱ፣ ብሩሹን በፀጉሩ በኩል ዘቅዝቀው ነከሩትና ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ቸኩያለሁ። እሳቸው «ይጠጣ» አሉ። «ካልጠጣ ይወጋሃል።»

አምስት ደቂቃ ያህል ጠጣ። ደረቅ ሳለ እንደ መጥረጊያ የቆመው ፀጉር ከኩባያው ሲወጣ ጫፉ ለስልሶ ነበር፤ ከሥሩ ግን ጉልበቱን አልለቀቀም። ተራ የገላ ሳሙና ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ አሽከረከሩት። አረፋው መጀመሪያ ትልልቅ ነበር፣ የዕቃ ማጠቢያ ዓይነት። እያሹት ሲሄዱ ደቀቀ፣ ነጣ፣ ከብሩሹ ላይ መውረድ አቆመ። ጉንጬ ላይ ሲያዞሩት እያንዳንዱን የፂም ሥር የሚያነሳ ነገር ይሰማል፤ መፋቅም አይደለም፣ መዳበስም አይደለም። ከዚያ ምላጩን ራሳቸው ያዙ። የ78 ዓመት ሰው እጅ ነው፣ አልተንቀጠቀጠም። ሰርጉ ላይ አንገቴ ምንም ሽፍ ሳይል ደረስኩ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ፂሜ ከርዳዳ ስለሆነ ከተላጨሁ በማግስቱ አንገቴ ችፍ ችፍ ይላል።

ብሩሹን «ፔኔሎ» ነው የሚሉት፣ በጣሊያንኛው። በ1964 ዓ.ም. ኤን ትሬ ፊያት የጭነት መኪና ይነዱ በነበረ ጊዜ፣ አስመራ ጋራዥ የገባ መኪናቸውን ሲጠብቁ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ሁለት ፔኔሎ ገዙ። አንደኛው «ከደርግ ጋር አብሮ ወደቀ» ይላሉ። ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ይሠራል። መሃሉ ሳስቷል፣ የባለቤቱን አናት ተከትሎ። እጀታው ላይ ቀለሙ የረገፈ ጽሑፍ አለ፦ «ፑራ ሴቶላ»። ፑራ ንጹህ ማለት እንደሆነ ገመትኩ። ሴቶላን ስጠይቃቸው «የፋብሪካው ስም ይሆናል» ብለው ወደ ሬዲዮናቸው ዞሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ለራሴ ካልገዛሁ ብዬ በሳምንቱ መርካቶ ወረድኩ። ሱቁን አልጠራውም። ነጋዴው ከመደርደሪያው ጥግ በወርቃማ ጽሑፍ ያጌጠ ካርቶን አወጣልኝ። «ኦሪጅናል፣ አንደኛ ደረጃ፣ የባጀር ፀጉር።» ነጣ ባለው ፀጉር መሃል ጥቁር ቀበቶ የመሰለ መስመር ዞሮበታል፤ የባጀር ምልክት ይሄ ነው ብሎ አሳየኝ። ባጀር ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ የማውቅ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። 1,400 ብር ከፈልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንገቴ ሽፍ አለ። ሳሙናው ላይ ሳሽከረክረው ጫፉ ይፍቃል፣ ወገቡ ግን ይልፈሰፈሳል፤ እንዴት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን እንደቻለ ገረመኝ። በየማለዳው ፊቴ ላይ አሥር አሥራ አምስት ፀጉር ይለቃል። አዲስ ብሩሽ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ፀጉር መጣሉ ያለ ነው፤ ይሄኛው ግን እየሳሳ ሄዶ በሁለተኛው ሳምንት መሃሉ ተቦረቦረ። ይዤው ተመለስኩ። ነጋዴው ገልበጥ አድርጎ አየውና መልሶ ሰጠኝ። «ውሃ ነክቶታል እኮ» አለ።

በዚህ ብስጭት ነው ምርመራው የተጀመረው። ቤት ገብቼ በፒንሳ እጀታውን ሰበርኩት፣ ሙጫውን ፈለፈልኩና ፀጉሩን ጥቁር ትሪ ላይ ዘረገፍኩት። መጀመሪያ ያደረግኩት ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፦ ክብሪት መጫር። አንዱን ሳቃጥለው ተኮማተረ፣ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ በጣቴ ሳሸው አመድ ሆነ። ሌላውን ሳቃጥለው ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ኳስ ሠራ። ናይለን ነው፣ ከእንስሳው ጋር ተደባልቋል። ጥቁሩን ቀበቶ በአልኮል ባራስኩት ጥጥ ጠረግኩት፤ ጥጡ ጠቆረ። ባጀር የሚባለው አውሬ ያን ቀበቶ ይዞ ነው የሚወለደው፤ ይሄኛው ፋብሪካ ውስጥ ነው የታጠቀው።

ከዚያ የልጄን ማስመሪያ አምጥቼ ቁጭ አልኩ። ሳልመርጥ መቶ ፀጉር ቆጠርኩና በርዝመታቸው ደረደርኳቸው። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ መጥታ አይታኝ ምንም ሳትል ሄደች። ረጅሞቹ 62 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከመቶው ያን ርዝመት የያዙት 38 ብቻ ሆኑ። ሌሎቹ 50፣ 45፣ አንዳንዶቹ 30 እንኳ አይሞሉም። አጫጭሮቹ ጫፍ ላይ አይደርሱም፤ ሥራቸው ከታች ሆኖ ብሩሹን ወፍራም ማስመሰል ብቻ ነው። መጥረጊያ ሻጭ መሃል ላይ ቁርጥራጭ ሣር ወትፎ እንደሚያወፍረው ማለት ነው። ስትጨብጠው ሙሉ ነው፤ ሥራ ላይ ስታውለው የሚጠርገው ዳሩ ብቻ ነው።

የብሩሽ ፀጉር ደረጃ የሚባለው ነገር ዋናው ይሄው ነው፣ በኋላ ሳነብ እንደገባኝ። ፀጉሩ ሲሸጥ በርዝመት ይለያል፣ በየሩብ ኢንቹ፣ ማለትም በየ6 ሚሊ ሜትሩ ገደማ። ርዝመቱ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ከዚያ ደግሞ በአንዱ እስር ውስጥ ከመቶው ስንቱ በእርግጥ የተባለውን ርዝመት ይዟል የሚለው ይቆጠራል። የሙያው ሰዎች «ቶፕስ» ይሉታል። 90 ቶፕስ ሲባል ከመቶ ፀጉር ዘጠናው ልኩን የያዘ ነው፣ አሥሩ ያጠረ። የጤፍ ነጋዴ ቤት ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ማኛ ተብሎ የሚሸጥ ጤፍ ሁሉ ማኛ አይደለም፤ ጥያቄው ስንት እጁ ሰርገኛ ነው የሚለው ነው። የእኔው ብሩሽ 38 ቶፕስ ነበር ማለት ነው፣ ናይለኑን እንኳ ሳልቀንስ።

ለጫፉ ደግሞ የልጄን አጉሊ መነጽር ተዋስኩ። የአሳማ ፀጉር (አዎ፣ እዚህ ላይ ደርሰናል፣ እመለስበታለሁ) ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄድና መጨረሻው ላይ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት፣ ለሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰነጠቃል። የሴቶች ፀጉር ቤት «ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ይቆረጥ» የሚባለው ጉድለት እዚህ ጋ ሀብት ነው። ፊት ላይ የሚለሰልሰውም፣ አረፋውን የሚያደቀውም ያ ስንጣቂ ነው። ሲሠራበት ሲቆይ ደግሞ ስንጣቂው ይበዛል፤ የአባዬ ብሩሽ ጫፉ ጥጥ የሆነው ለዚህ ነው። የእኔዎቹ ጫፋቸው ጠፍጣፋ ነበር። በመቀስ ተስተካክለዋል። ርዝመቱ የተደበላለቀ ፀጉር አስረህ አናቱን እንደ አጥር ተክል ስትከረክመው፣ የከፈልክበት ነገር ወለሉ ላይ ይቀራል። ጥሩ ሠሪ ፀጉሩን በጫፉ በኩል ስኒ በመሰለ ቅርጽ ውስጥ ይዘቀዝቀውና እያንኳኳ ያስተኛዋል። ጫፎቹ የስኒውን ጉልላት ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሚቆረጠው በሥሩ በኩል ያለው ትርፍ ነው። ጫፉ ጨርሶ አይነካም።

ከመቶው ሰባቱ ደግሞ ተገልብጠው ነበር የታሰሩት፣ ወፍራሙ ሥር ወደ ፊቴ። አንገቴን ሲወጋ የነበረው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። እነዚያን ሰባት ለይቼ በወረቀት ጠቀለልኳቸው፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው «ኤክስትራ»፣ «ፕሪሚየም»፣ «ቤስት» የሚባለው ነገር ሁሉ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ያወጣው ስም ነው። ቡናችን ከመሸጡ በፊት እንከኑ ተቆጥሮ፣ ተቀምሶ ነው ደረጃ የሚሰጠው። ብሩሽ ላይ እንዲህ ያለ ሁሉም የሚገዛለት ሚዛን የለም። የቀለሙም ነገር ብዙ አያሳስብ፤ ነጩ ከነጭ አሳማ ሊሆን ይችላል፣ በኬሚካል የነጣም ሊሆን ይችላል፣ አብዝተው ካነጡት ደግሞ ይሰበራል። ፀጉሩ ጥሩ የሚሆነው ከጀርባና ከማጅራቱ የተወሰደ እንደሆነ፣ ከብርድ አገር እንስሳ ቢሆን ደግሞ የበለጠ እንደሆነ ነው። ቻይና ውስጥ ከቾንግቺንግ የሚወጣው ጥቁርና ጠንካራ ፀጉር ለብዙ ዘመን ስሙ የተጠራ ነበር። ተቀቅሎ ይጸዳል፣ ታስሮ ይቃናል፣ ይለያል። ጣሊያን ቦሎኛ ያለው ብሩሽ ሠሪ ኦሜጋም ሆነ የፖርቱጋሉ ሴሞግ ስማቸውን ያገኙት በዚሁ በአሳማ ፀጉር ብሩሽ ነው።

ሴቶላ ማለትም ይኸው ነው። የፋብሪካ ስም አይደለም። ፑራ ሴቶላ፦ ንጹህ የአሳማ ፀጉር። ዓይነቱን እንጂ ደረጃውን አይናገርም። ይሄን ሳነብ ግን ያሰብኩት ስለ ደረጃ አልነበረም። አባዬ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ጾም ገድፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። የአሳማ ሥጋ በሌላ ሰው ሰሐን ላይ ሲያዩ እንኳ ወንበር የሚቀይሩ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ከቤቴ ይውጣ» አለች መጀመሪያ። ቀጥሎ «በሽታስ የለውም?» ስትል ጥያቄው ከሃይማኖት ወደ ጤና ዞረልኝና ትንሽ ተነፈስኩ። ፍርሃቷ መሠረት አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ወታደሮችና ሲቪሎች መካከል ከ200 በላይ ሰዎችን አባ ሰንጋ ያስያዘው የፂም ብሩሽ ነበር። ፀጉሩ የአሳማ አልነበረም፤ የባጀር እንዲመስል የተሠራ የፈረስ ፀጉር ነው። በጦርነቱ ምክንያት የንግዱ መንገድ ሲቀየር ፀጉሩ በደንብ ሳይጸዳ ገበያ ገባ፤ ወታደሩ ደግሞ የጋዝ ጭንብል ፊቱ ላይ እንዲገጥምለት መላጨት ነበረበት። እኛ አባ ሰንጋን የምናውቀው ከሞተ በሬ ሥጋና ከቆዳው ነው። የምትፈራው በሽታ ከርቀት የመጣ ሳይሆን እዚሁ አገሯ ያለ መሆኑን ስነግራት ነገሩን ያከበደው እንጂ ያቀለለው አልመሰለኝም። ዛሬ ፀጉሩ በሙቀት ይጸዳል አልኳት።

ከዚያ ብልህ የሆንኩ መሰለኝና ቤቱን ስናስቀባ ቀለም ቀቢው ትቶት የሄደውን ብሩሽ ከኮርኒሱ ሥር አወረድኩ። እጀታው ላይ «ፑር ብሪስል» ይላል። ያው ነው፣ በእንግሊዝኛ። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ሥዕለ አድህኖው የተሰቀለበትን ግድግዳ ሳይቀር የቀባነው በዚሁ ነው። ባለቤቴ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች። «ይሄንን ለአባባ እንዳትነግራቸው» አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

ሳልነግራቸው ሁለት ቅዳሜ አለፈ። ሲላጩ በበሩ በኩል አያቸዋለሁ፣ ይጠጣል፣ ይሽከረከራል፣ ጉንጫቸው ላይ ይዞራል፣ እኔ ደግሞ ሌባ ይመስል ዓይኔን እሰብራለሁ። በሦስተኛው አልቻልኩም። መጀመሪያ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን የቻይናን ወደቦች ስትዘጋ፣ አሜሪካኖች በሂማላያ ላይ በአውሮፕላን ዕቃ ወደ ቻይና ያስገቡ እንደነበር፣ አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ ቱንግስተን፣ ቆርቆሮና የብሩሽ ፀጉር ይጭኑ እንደነበር ነገርኳቸው። ለመርከብ ቀለም መቀቢያ ያስፈልግ ነበር። ናይለን ለጥርስ ብሩሽ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1938 ስለሆነ ገና ጀማሪ ነበር። አባዬ ምላጫቸውን አቆሙ።

«የመልስ ጭነት» አሉ፣ ፊታቸው አብርቶ። «ብልህ ነው ያ ሹፌር። ባዶውን የሚመለስ መኪና ጌታውን ያደኸያል። አሰብ ስንመላለስ እኛም…» ሩብ ሰዓት ያህል ስለ መልስ ጭነት አወሩኝ። አረፋው ፊታቸው ላይ ደረቀ። በመጨረሻ «ፀጉሩ የምን ነበር ያልከኝ?» አሉ።

«አላልኩዎትም አባዬ።»

ብሩሹን እንደገና ኩባያው ውስጥ ነክረው ረጋ ብለው አረፋውን ማደስ ጀመሩ። «ሓሰማ ነው» አሉ በትግርኛ። «የሸጠልኝ ሰውዬ ያኔውኑ ነግሮኛል። ደግ ሰው ነበር፣ ሃይማኖትህን ጠይቄ ነው የምሸጥልህ አለ።»

«ታዲያ የፋብሪካ ስም ነው ያሉኝ?»

«አንተ የጠየቅከኝ ጽሑፉን ነው።» ጉንጫቸውን ወጥረው አንድ መስመር ላጩ። «እሁድ ጠዋት ስላጭ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ቅዳሜ ማታ ነው የሚላጩት፣ ሁልጊዜ። ልጅ ሳለሁ እሁድ ጠዋት መተኛት ስለሚወዱ ይመስለኝ ነበር፣ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚነሱ ሰው መሆናቸውን ረስቼ።

«ተላጭቼ፣ ሦስቴ ታጥቤ፣ አድሬ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው። ካህን አላዘዘኝም፤ እኔው ያወጣሁት ነው። ወደ አፌ አላስገባሁትም፣ ከቤተ ክርስቲያንም አላገናኘሁት። ፔኔሎውም ጥሩ ነው» አሉና ወደ መስታወቱ ዞሩ።

ሮም ያለችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ አንድ አመጣችልኝ። ዋጋው ካርቶን ላይ ወርቅ ለተቀባው ብሩሽ ከከፈልኩት ብዙም አይርቅም። ገና ሲከፈት እርጥብ በግ ይሸት ነበር፤ ለአራት ቀን ሳሙና እየቀባሁ አጠብኩት። ጫፉን በአጉሊ መነጽር ሳየው እንደ እባብ ምላስ የሆኑት ጥቂት ናቸው፣ ግን አንድም የተከረከመ የለም። በየቀኑ ከሥራ በፊት አምስት ደቂቃ አጠጣዋለሁ፤ የቧንቧ ውሃ በማይመጣበት ቀን ከጀሪካኑ። የፈላ ውሃ አይወድም፣ ውሃ ውስጥ ማደርም አይወድም። አባዬ በየሳምንቱ ያስመጡኝና በመዳፋቸው ጀርባ ይዳብሱታል። «ገና ነው» ይላሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግመው ዳበሱትና «አሁን ፊደል ቆጥሯል» አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ብሩሹንና ሳሙናውን በፌስታል ይዤ ፀጉር ቤት ሄድኩ። እንደገመትኩት መብራት የለም። ልጁ ምላጭ መለማመድ እንደጀመረ ነገረኝ፣ አረፋ ግን አሁንም የለውም። ኩባያ ሰጠኝ፣ ነከርኩት፣ ይጠጣ አልኩት። እንዴት እንደሚሽከረከር አሳየሁት፤ እጁ ለሥራው የተፈጠረ ነው፣ በአንዴ ያዘው። ጉንጬ ነጭ እስኪሆን አዞረው። «ይሄማ በጣም አሪፍ ነገር ነው ጋሼ፣ ከየት ነው የሚገኘው? ፀጉሩ የምንድን ነው?»

«የጣሊያን ነው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የአሳማ ነው» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቆመ። ብሩሹን አየው፣ ጣቶቹን አየ፣ ቀስ ብሎ ኩባያው ውስጥ አቆመው። አንዳችንም ምንም ሳንል ከብሎኮቹ መሃል የልጆች ጩኸት መጣ፦ «መጣ! መጣ!» አምፖሉ በራ። ልጁ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ፣ አደረቀና ማሽኑን አነሳ። አረፋውን ራሴ በፎጣ ጠረግኩት።